የባሻ ጢም

«በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ብሎ የተረተው ሰው ሪያድን አያውቃትም። የሳዑዲዋን አይደለም፤ የኻርቱሟን ሪያድ ማለቴ ነው፤ በዑበይድ ኸትም ጎዳናና በሲቲን መንገድ መካከል ያለችውን፣ ግቢው ሰፊ፣ አጥሩ ረዥም፣ በሩ ሁሉ ብረት የሆነውን ሰፈር። እዚያ ዛፍ ቢወድቅ ምሳር አይበዛበትም፤ ምሳር ያለው ሰው የለማ! ጀነሬተር በየግቢው ይጮኻል፣ የሳተላይት ሳህን በየጣራው ተደርድሯል፣ አንዳንዱ ቤትማ ቡና የሚፈላው በጣሊያን ማሽን ነው። ምሳር ግን በባትሪ ቢፈለግ አይገኝም። ሪያድ ውስጥ በወደቀ ዛፍ ላይ የሚበዛው አዋቂ ነው።

እኔ ያኔ የአንድ ቪላ ዘበኛ ነበርኩ። ዘበኛ ስል ጠመንጃ ያነገተ፣ ፊሽካ የሚነፋ አይምሰላችሁ። ሱዳኖች «ገፊር» የሚሉት ሰው ሥራው በር መክፈት፣ አትክልት ማጠጣት፣ መኪና ማጠብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጌታው ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳለ «የሉም» ማለት ነው። የቀረውን ጊዜ ደጅ በወጣ ዐንገሬብ ላይ፣ በዚያ በገመድ በተጠለፈ የሱዳን አልጋ ላይ ተጋድሞ መንገዱን ማየት ነው። ሐበሻ በብዛት የሚኖረው ዴምና ጅሬፍ ነበር። ሪያድ የምንመጣው ለማብሰል፣ ልጅ ለመያዝ፣ መኪና ለመንዳት፣ እንደኔ ያለው ደግሞ ለመጋደም ነበር።

ዛፉ የወደቀው በ2013 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ ሐቡብ በነፈሰበት ሌሊት ነው። ሐቡብን ያላየ ሰው አቧራ አይቻለሁ አይበል። ከነጎድጓዱ ደመና ሥር ቁልቁል የሚወርደው ቀዝቃዛ ነፋስ መሬት ሲነካ ወደ ፊት ይሮጥና የደረቀውን አፈር ጠራርጎ ያነሣዋል፤ ከሩቅ ሲታይ ከምድር እስከ ሰማይ የቆመ ቡናማ ግድግዳ ነው። ሰው በሩንና መስኮቱን ይዘጋል፤ ቢዘጋም በማግሥቱ ከትራሱ ላይ፣ ከስኳሩ ውስጥ፣ ከጥርሱ መካከል አሸዋ ሲለቅም ይውላል። የዚያን ሌሊት ግን ዝናብም ተከተለ። ከበራችን ትንሽ ወረድ ብሎ የነበረው፣ የሰፈሩ ረክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለው፣ ሁሉ ሲጠለልበት የኖረው ግዙፍ ዛፍ ከነሥሩ ተገነደሰ። ራሱ ፊት ለፊት ካለው ቪላ አጥር ላይ አረፈ፤ ግንዱ መንገዱን ዘጋው፤ ሥሩ ደግሞ አፈሩን እንደ ተሸከመ ሽቅብ ተገትሮ ቀረ። ሥሩን ላየው ሰው ዛፉ እስከዚያ ቀን ድረስ መቆሙ ነው የሚገርመው። አንድም ወደ ታች የወረደ ነገር የለውም፤ ሁሉም ወደ ጎን ተንሰራፍቷል። የአትክልት ውኃ በየማታው ከላይ ከላይ ሲንቆረቆርለት፣ ጥልቅ ድረስ ምን አወረደው?

ጠዋት መጀመሪያ የደረሱት ፍየሎች ናቸው። የማን እንደሆኑ አይታወቅም፤ የኻርቱም ፍየል ባለቤቷ የሚታወቀው መኪና ሲገጫት ብቻ ነው። ቅጠሉን ከበው ሲያጭዱ፣ ከፍየሎቹ ኋላ በአህያ ጋሪ፣ ሱዳኖች ካሮ በሚሉት፣ ውኃ የሚያዞሩት ሐጅ ደረሱ። ከሐጁ ኋላ የጎረቤት ቪላ ገፊሮች፣ ከእነርሱ ኋላ የረክሻ ሹፌሮች፣ ከዚያ ደግሞ ወሬው በስልክ ዴምና ጅሬፍ ደርሶ ሐበሻው።

ለአንድ የወደቀ ዛፍ ይህ ሁሉ ሰው ምን አስሮጠው? ያን ሰሞን ጋዝ ጠፍቶ ነበር። ሲሊንደሩን ተሸክመህ ትሰለፋለህ፤ ወረፋው ሲደርስህ «ኸላስ፣ አልቋል» ትባላለህ፤ ባዶውን ሲሊንደር ይዘህ ትመለሳለህ። መብራቱም ቢሆን ይመጣል እንጂ አይቀመጥም። እትዬ፣ የሪያድና የአካባቢዋን ሐበሻ በእንጀራ የምታስተዳድር ሴት፣ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ግድግዳ ላይ ሰቅላው ጌጥ ሆኗል። ጤፍና ፈተሪታ ማሽላ ቀላቅላ የምትጋግረው ግቢ ውስጥ፣ በእንጨት ነው። ከሰል በየሳምንቱ ዋጋው ይጨምራል፤ እንጨት ሻጩ ደግሞ እስሩን በየሳምንቱ ያቀጥነዋል። በዚህ መካከል እግዜር ራሱ አንድ ዛፍ ገንድሶ በር ላይ ሲያስቀምጥ ማን ይተኛል?

ያን ጊዜ ችግር የምንለው ይህንን ነበር፤ የጋዝ ወረፋን። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ኻርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ እኛ በገዳሪፍ አድርገን ወደ መተማ ወጣን። ከተማው ውስጥ የቀረው ሰው ግን ጋዝም መብራትም አጥቶ የገዛ ደጁን ጥላ እየቆረጠ አበሰለ። ሁለቱ አባዮች ከሚገናኙበት አጠገብ፣ በነጭ አባይ ዳር፣ ስደተኛ ወፎች የሚከርሙበት የሱኑት ጥብቅ ደን ነበረ፤ እርሱም ተመነጠረ። ይህን ካሰብኩ ወጉ ወግ አይሆንልኝም። የኔ ዛፍ የወደቀው በነፋስ ነው፤ ወደ እርሱ ልመለስ።

እትዬ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች፣ ግንዱን ከዳር እስከ ዳር ዞረችውና ፍርድ ሰጠች፦ «ይኼ ዛፍ ስሙ ሳይታወቅ ምጣዴ ሥር አይገባም።»

«እትዬ፣ እንጨት እንጨት ነው» አልናት።

«ለእናንተ ነው እንጂ! ብሳና ያነደደችን ጎረቤቴን እንጀራዋን ውሻ እንኳ አሽትቶ ትቶታል።»

እውነቷን ነው። ጭስ ሁሉ አንድ አይደለም። ክትክታና ወይራ የለመደ ሰው ብሳና ሲያነዱበት ዓይኑ ይጠፋል። ሪያድ ውስጥ ደግሞ ከብሳናም የባሰ አለ፤ በየቪላው አጥር ሥር ለአበባው ብለው የሚተክሉት፣ ዐረቦቹ ደፍላ የሚሉት ቁጥቋጦ መርዝ ነው፤ ጭሱ ራሱ ይመርዛል። ስለዚህ የእትዬ ትእዛዝ ቅንጦት አልነበረም። ችግሩ ትእዛዙን የሚፈጽመው ማን ነው የሚለው ነው። እጁን ያላወጣ የለም።

ጎንደሬው የረክሻ ሹፌር ቅርፊቱን በጥፍሩ ፈቀፈቀና «ግራር ነው» አለ።

«እሾኹስ?»

«አርጅቶ ረግፎ ነዋ።»

«ግራር ሲያረጅ እሾኹ ይረግፋል እንዴ?»

«የኛ አገሩ አይረግፍም። የዚህ አገር ሙቀት ግን ምን የማያረግፈው አለ? የኔን ፀጉር አታይም?»

ወጥ ቤት የሚሠራው ወሎዬ ተንበርክኮ የተሰነጠቀውን ቅርንጫፍ አሸተተ። ረዘም አድርጎ አሸተተ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ «ወይባ ወይባ ይላል» አለ። ወይባ እንዲሆንለት ምክንያት ነበረው፤ ጅሬፍ ያለችው ሚስቱ የወይባ ጭስ ከናፈቀች ቆይታለች። ጉድጓድ ተምሶ፣ ወይባው ጨስ ጨስ ሲል፣ ሴቲቱ ጋቢ ተከናንባ ከላይ ቁጭ ትልና ስትነሣ ሌላ ሰው ሆና ትነሣለች፤ ባልየውም ይህን ያውቃል። እርሱ ገና ከግንዱ ሳይነሣ ቶብ የለበሱ አንዲት የሰፈሩ እመቤት መጡና በጆሮው ሥር «ተልህ ነው?» ብለው ጠየቁት። የሱዳን ሴቶችም ያው ናቸው፤ ዱኻን ይሉታል፤ የሚያጨሱት ተልህ የሚባለውን ግራርና ሻፍ የሚባለውን እንጨት ነው። እርሳቸውም ጎንበስ አሉ። አንድ የወሎ ሰውና አንዲት የኻርቱም እመቤት፣ በአንድ ቋንቋ ሦስት ቃል የማይግባቡ፣ አፍንጫቸውን ከአንድ ግንድ ላይ ደፍተው ለአንድ ዓይነት ጉዳይ ሲያሸቱ ማየት ደስ ይላል። እመቤቲቱ ቶሎ ተስፋ ቆርጠው ሄዱ። ወሎዬው ግን እስከ ማታ ድረስ «ትንሽ ሲደርቅ ነው ሽታው የሚመጣው» ይል ነበር።

መርካቶ ያደገው ልጅ ተራው ሲደርስ ሩቅ ቆሞ «ባህር ዛፍ» አለ።

«ቅጠሉን አይተኸዋል?»

«ቅጠል አላውቅም። ይሄን የሚያህል ከሆነ ባህር ዛፍ ነው።»

አልፈርድበትም። አዲስ አበባ ባህር ዛፍ ያቆማት ከተማ ናት። በዙሪያዋ የነበረው ጫካ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ሲያልቅ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነሥተው ነበር፤ በ1880ዎቹ የገባው የአውስትራሊያ ዛፍ ቶሎ ቶሎ ባያድግ ኖሮ ያ ልጅ መርካቶ አያድግም ነበር። እንጨት ማለት ለእርሱ ከእንጦጦ በሴቶች ጀርባ የሚወርደው ነው። ሌላ ዛፍ መኖሩን በወሬ ነው የሚያውቀው።

ሐጁ በበኩላቸው «ኒም» አሉ። በኻርቱም ሕግ ማንኛውም ዛፍ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ኒም ነው። እንግሊዞች ከ1898 (እ.ኤ.አ.) በኋላ የፈረሰችውን ከተማ እንደገና ሲሠሩ መንገዱን በዛፍ ሞሉት፤ ኋላ ከህንድ የመጣው ኒም ደግሞ በጥቂት ውኃ የሚኖር ስለሆነ ሁሉን አሸንፎ በየደጁ ቆመ። «ኒም ከሆነ መራራ ነው፤ ይቀመስ» ተባለ። ለመቅመስ የተመረጠው የመርካቶው ልጅ ነው፤ በዕውቀቱ ቢያንስ በምላሱ ያገልግል ተብሎ። አኘከው፣ አኘከው፣ ፍየሎቹን አየ፣ «ጎመን ጎመን ይላል» አለ። ኒም ወደቀ።

የጎረቤቱ ገፊር ደግሞ «ደማስ ነው!» ብሎ ጮኸ። ደማስ ኻርቱሞች ለአጥር ጥላ የሚተክሉት፣ ሥሩ የውኃ ቧንቧ እየፈለገ የሚሰብር ዛፍ ነው። ሰውዬው በዚያ ሳምንት ቧንቧ ሲጠግን ስለ ከረመ የሚጠላውን ነገር ሁሉ ደማስ ይለዋል። «መስኪት ነው» ያለም አልጠፋም፤ በ1917 (እ.ኤ.አ.) ለበረሃ መከላከያ ብለው ኻርቱም አምጥተው የተከሉት፣ ኋላ መንግሥት ራሱ አጥፉልኝ ብሎ ያወጀበት፣ እኛም በአፋር በኩል ጠንቅቀን የምናውቀው ዛፍ ነው። እርሱ ግን እሾኽ እንጂ ግንድ የለውም፤ ሰሚ አላገኘም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጀበናዋን ይዛ ጥግ ላይ ቡና የምታፈላው የጅማ ልጅ አንዲት ቅጠል አንሥታ ታያለች። ቅጠሎቹ ደቃቅ ናቸው፤ በትይዩ በትይዩ ተሰልፈው፣ ጠዋት ገና ሳይነቁ የመጽሐፍ ገጽ ይመስል ተገጣጥመው ተኝተዋል። «ሰሳ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ሳቅ ሆነ። ሰሳ በጅማ ቡና ላይ ጥላ የሚሆን የደጋና የወይና ደጋ ዛፍ ነው፤ ዝናብ የሚወድ። ጎንደሬው «እኔን እሾኹ የታለ ስትሉኝ ነበር! ሰሳ ኻርቱም ምን ሊሠራ መጣ?» አላት።

«አንተስ ምን ልትሠራ መጣህ?»

መልስ አልነበረውም፤ ለማናችንም።

እኔ አልተናገርኩም። ዘበኛ ነኝ፤ ማየት ነው ሥራዬ። ያየሁት ነገር ቢኖር ዛፉን የሚያይ ሰው አለመኖሩን ነው። ሁሉም ከመንደሩ አንድ ዛፍ ይዞ መጥቶ ኖሮ፣ ያንኑ ዛፍ እዚያ ግንድ ላይ እያለካ ልክክ እንዲልለት ይታገላል። ከጅማዋ ልጅ በስተቀር ቅጠሉን አንሥቶ ያየ የለም፤ የመርካቶው ልጅ እንኳ በልቶት ነው እንጂ አላየውም።

ክርክሩ ለቡና ሲያርፍ ሐጁ ወደ ሚያውቁት አናጢ ቤት ሄደው ባለ ሁለት እጀታ ረዥም መጋዝና አንድ ፋስ ይዘው መጡ። ወሎዬው ከሚሠራበት ወጥ ቤት የአጥንት መቁረጫ ሳጡር አምጥቶ ነበር፤ ለቅርንጫፍ አላሳነሰም። ሐጁ ወጣት ሳሉ እንጨት ሥራ ውለው ስለነበር ትእዛዙን ከእትዬ እጅ ተቀበሉ። የወደቀ ዛፍ ከቆመው ይልቅ ተንኮለኛ ነው አሉ። አጥር ላይ የተጫነው ቅርንጫፍ ታጥፎ ተወጥሯል፤ በውጥረቱ በኩል ከቆምክ ሲቆረጥ ተፈናጥሮ ጥርስህን ያወርደዋል። ግንዱን ከላይ ብቻ ከገዘገዝከው ክብደቱ ይጫንና መጋዙን ነክሶ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሽብልቅ መትተህ አፉን ከፍተህ ነው የምትቆርጠው። ዋናው ግን ሥሩ ነው። ግንዱ ከሥሩ ሲለይ፣ ያ የተገተረው የሥር ክምር ከነአፈሩ ወደ ቦታው ተመልሶ ሊቀመጥ ይችላል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ በዚያው ይቀበራል።

ይህን ሲናገሩ ሁላችንም ዞር ብለን ጉድጓዱን አየን። የመርካቶው ልጅ ከሥሩ ሥር፣ ከጥላው ውስጥ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ጎትተን አወጣነው። ብርጭቆውን አልለቀቀም።

መጋዙ ሥራ ጀመረ፤ በአንድ ጫፍ ጎንደሬው፣ በሌላው የጎረቤቱ ገፊር። ብናኙ ቦነን ቦነን ማለት ሲጀምር ጎንደሬው አስነጠሰ።

«ይማርህ!» አልን።

«ያኑራችሁ» አለና መጋዙን ሳብ ሲያደርግ ገፊሩ አስነጠሰ። «አልሐምዱሊላህ» አለ። «የርሐሙከላህ!» አሉ ሱዳኖቹ። ገፊሩ ለዚያ የሚገባውን ምርቃት መልሶ ሳይጨርስ ጎንደሬው ደገመው። ይማርህ። ያኑራችሁ። ቀጥሎ ወሎዬው። ቀጥሎ ሐጁ። ከዚያ ወዲያ ተራ የሚባል ነገር ቀረ፤ ሐበሻው ሱዳኑን «ይማርህ» ይለዋል፣ ሱዳኑ ሐበሻውን በአላህ ስም ይመርቀዋል፣ መጋዙ በመካከል ቆሟል። ጨዋነት የሥራ ጠላት መሆኑን ያን ቀን ነው የተረዳሁት። አንድ ጊዜ ለመሳብ አራት ሰው መመረቅ ያስፈልጋል።

ዘመኑ ደግሞ የኮሮና መሆኑን አትርሱ። መንገድ መሐል ላይ ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሲያስነጥስ የቪላው መስኮት ሁሉ ጧ ጧ እያለ ተዘጋ። አንድ መኪና መንገዱ መዘጋቱን አይቶ ሊዞር ሲል ማስነጠሱን ሰማና ሳይዞር በኋላ ማርሽ እስከ ዋናው ጎዳና ድረስ ሄደ። ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ ሥራ እንዳለበት ትዝ አለው። ፍየሎቹ ብቻ አልተነቃነቁም።

ሐጁ ጥምጣማቸውን ፈትተው አፍንጫቸውን አሰሩ፣ ከመሬት አንድ ደረቅ ፍሬ አነሡና ጆሯቸው ሥር አወዛወዙት፤ ተንሿሿ። ከዚያ ግንባራቸውን መቱ፦ «ዲግን አል ባሻ!» የባሻ ጢም ማለት ነው። አበባው ሲፈካ የአንድ የቱርክ ባለሥልጣን ጢም ይመስላል ተብሎ ነው ስሙ የወጣለት። ለበኽም ይሉታል። ሐጁ በወጣትነታቸው ይህን እንጨት በገዘገዙ ቀን ሁሉ ሲያስነጥሱ ውለው ያድሩ እንደነበር ነገሩን። ብናኙ አፍንጫ የሚያቆጣ መሆኑን አናጢ ያውቀዋል። እኛ ቅርፊት ስንፈቀፍቅ፣ ቅጠል ስናኝክ፣ ግንድ ስናሸት የዋልንበትን ጥያቄ ዛፉ ራሱ በአፍንጫችን በኩል መለሰልን።

ሐጁ ስለ ጥላው፣ ስለ ደቃቁ ቅጠል፣ ማታ ማታ ስለ መተኛቱ ሲያብራሩ የጅማዋ ልጅ ቡናዋን አቁማ ታዳምጣለች። ዕውነቱን ለመናገር እርሷ ከሁሉም ይልቅ ቀርባ ነበር። ሰሳና የባሻ ጢም በዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ የአንድ ወገን ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም አልቢዚያ ይባላሉ። ስሙ አልቢዚ ከተባለ የፍሎረንስ መኳንንት ቤተሰብ የመጣ ነው፤ ከቤተሰቡ አንዱ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከዚሁ ወገን አንዱን ዛፍ ወደ አውሮፓ አስገብቶ ነበርና። የጅማው ደገኛ ሆነ፣ የኻርቱሙ ቆለኛ ሆነ እንጂ ዘመዳሞች ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጅማዋ ልጅ ቡና ስትቀዳ ለጎንደሬው መጨረሻ ላይ ነው የምትቀዳለት፤ እርሱም በረካው ይደርሰኛል እንጂ አልቀየምም ይላል።

እትዬ «በመጨረሻ ጭሱ ምን ይላል?» አለች። ሐጁ «ጭሱ ደህና ነው፤ የሚያስነጥሰው ብናኙ ነው» አሏት። ፈቀደች።

ሥራው ሲጋጋል አንድ ማስታወሻ ደብተር የያዘ ሰው በመንገዱ ጫፍ ብቅ አለ። ከየትኛው ቢሮ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ደብተር የያዘ ሰው አይጠየቅም። ሱዳን ውስጥ የቆመ ዛፍ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም፤ እርሱ ደግሞ የመጣው ይህን ሊያጣራ ነው። ሐበሻው ግን ደብተሩን ሲያይ ስለ ዛፍ አላሰበም። «ከሻ!» አለ አንዱ። ከሻ ማለት የፖሊስ አፈሳ ነው፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለቴ ነው፣ የሌለውን ጠርጎ የሚሄድ። በዐይን ጥቅሻ ውስጥ መጋዙ በአንድ በኩል ብቻ ሰው ቀረው። ወሎዬው ሳጡሩን ይዞ እንዳይሮጥ ፈርቶ፣ ሳጡሩን ጥሎ እንዳይሮጥ የወጥ ቤቱ ስለሆነ ሳስቶ፣ ወደ ግንዱ ሥር ገባና ተኛ።

ሰውዬው «ይህን ዛፍ ማን ቆረጠው?» ሲል ጠየቀ።

«ሐቡብ» አሉ ሐጁ።

ሰውዬው ጻፈ። ቀና ብሎ «የት ነው የሚገኘው?» አለ። ገና ወጣት ነው፣ ጠዋት ነው፣ ቡናም አልጠጣ። ሐጁ በጣታቸው ወደ ደቡብ አመለከቱት። ወዲያው ገባውና ራሱ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላማ የጅማዋ ልጅ ዝንጅብል ያለበት ፍንጃል አስይዛ አስቀመጠችው። ሲነሣ ስለ ደብተሩ የነገረን የለም፤ ለእናቱ ኪስራ መጋገሪያ የሚሆን አንድ እስር ጭራሮ ግን በረክሻ አስጭነን ሸኘነው። ጎንደሬው ሒሳብ አልተቀበለም።

ክፍፍሉ ላይ ብዙም ጠብ አልነበረም። ጭራሮውና ቀጫጭኑ ለእትዬ ምጣድ፤ እንጀራ የሚፈልገው ፈጣንና እኩል የሆነ ነበልባል ነው፣ ወፍራም ፍልጥ ምጣዱን በአንድ ጎን ያሳርረዋል። መካከለኛው ለወሎዬው ወጥ ቤት። ፍሬና ቅጠሉ ለሐጁ ፍየሎች፤ አዎ፣ ፍየሎቹ ቀኑን ሙሉ ባለቤት አልነበራቸውም፣ ክፍፍል ሲመጣ ግን የሐጁ ሆነው ተገኙ። ወፍራሙን ግንድ አናጢው ለመጋዙ ኪራይ ብሎ በካሮ አስጭኖ ወሰደው።

የቀረው የማድረቅ ጉዳይ ነው። እርጥብ እንጨት ከክብደቱ እኩሌታው ያህል ውኃ ሊሆን ይችላል፤ ካነደድከው እሳቱ ያንን ውኃ ሲያፈላልህ ይውላል እንጂ ምጣዱን አያግልልህም። አገር ቤት ቢሆን አንድ በጋ ይፈልጋል። ከ40 ዲግሪ በላይ በሚያቃጥለው የኻርቱም ፀሐይ ግን ጥቂት ሳምንት ይበቃዋል፤ የሚያስፈልገው ነፋስ የሚያገኝበት ሰፊ ቦታ ብቻ ነው። በሰፈሩ ሰፊ ግቢ ያለው፣ ጌታውም ካይሮ የሄዱበት፣ ቁልፉም በኪሱ ያለ ሰው ማን ነው? ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

እንጨቱ ከቪላው ጀርባ፣ በመዋኛ ገንዳው ዳር ዳር፣ ወገብ ድረስ ተከመረ። እትዬ በየሁለት ቀኑ እየመጣች ሁለት ፍልጥ አንሥታ ታጋጫለች፤ ድምፁ ካልጠራ «ገና ነው» ትልና ትሄዳለች። ጫፉ መሰንጠቅ ሲጀምር፣ ሲጋጭም እንደ ቃጭል ሲጮህላት ምጣዷን አዘዘች። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይኑ ግጥም ያለ ነበር። ወሎዬው አንሥቶ አሸተተውና «አሁን ሽታው መጣ፤ ወይባ ነው ብያችሁ ነበር» አለ።

ጌታዬ ከካይሮ የተመለሱት እንጨቱ ገና ሳያልቅ ነው። መሐንዲስ ናቸው፤ በአገሩ ደንብ በሽመሀንዲስ እንላቸዋለን። ሻንጣቸውን ሳያወርዱ ወደ ጓሮ ዞሩና ክምሩን አዩት። ለረዥም ጊዜ አዩት። ባለቤታቸው ከወጥ ቤት በመስኮት ብቅ ብለው ጋዙ ባዶ መሆኑን፣ ሲሊንደሩን የላኩት ልጅም እንደ ሄደ መቅረቱን ነገሯቸው።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የባሻ ጢም ነው፣ ያ በሽመሀንዲስ።»

«የማን?»

«የእትዬ። እዚህ የሚደርቅ ነው።»

አንድ ፍልጥ አነሡ። መሐንዲስ አይደሉ፣ ገለባበጡት፣ በጣታቸው ኳኩት፣ አሸተቱት። ከመስኮቱ እንደገና ጥሪ መጣ፤ ድምፁ አሁን ጠንከር ብሏል።

«እስሩ ስንት ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«እትዬን ልጠይቅና እነግርዎታለሁ» አልኳቸው፤ «ወረፋ ግን አለ።»